ግጥሙ የማን ነው?

የቢሮው ሰዎች «እትዬ ፈቃድ» ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ሥራዋ ስም ሆኖ ተለጥፎባት ነው። ዘጋቢ ፊልም በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በፊልሞቹ ውስጥ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ የማን እንደሆነ ታጣራለች። ባለቤቱን ታፈላልጋለች፣ ታስፈቅዳለች፣ ታስፈርማለች። ፊልም ሠሪዎቹ ካሜራቸውን ተሸክመው ሲዞሩ እሷ ከስልክና ከፋይል ጋር ትውላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ሥራዋን ደግሞ ትወደዋለች።

አስባበት አልገባችበትም። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ሸክላዎቹን ታራግፋለች፣ ትመዘግባለች፣ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ አውጥታ ትሰጣለች። ሌላው ሰው ዘፈኑን ሲሰማ እሷ ልባሱን ታነባለች፦ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አሳተመው። ሸክላው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ክፍሉ ተዘጋ። እሷና ሁለት ባልደረቦቿ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቷቸው ተሸኙ። ሰዓቱ በቀን አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። «ጡረታ የወጣው እሱ ነው፤ እኔ አልወጣሁም» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

እውነትም አልወጣችም። ሦስት ወር ሳይሞላ የፊልም ድርጅቱ ባለቤት አፈላልጎ አገኛት። አንድ የድሮ ዘፈን ፊልሙ ውስጥ አስገብቶ ባለቤቱን ማወቅ አቅቶት ነበር። እሷ የዘፈኑን ስም እንደሰማች የሸክላውን ቁጥር በቃሏ ነገረችው። ሰውየው እዚያው በቆመበት ቀጠራት።

በዚህ ሥራ ውስጥ የማይሞት አንድ ጥያቄ አለ። አዲስ ዳይሬክተር በመጣ ቁጥር ራሱን በበሩ ብቅ ያደርግና፣ «እትዬ፣ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው እኮ። አሥር ሰከንድ ነፃ አይደለም እንዴ?» ይላታል።

«የሰው ጫማ አድርገህ አሥር እርምጃ ብቻ ብትሄድ ጫማው ያንተ ይሆናል?» ትለዋለች። ከዚያ ወንበር ስባ ታስቀምጠውና ታስረዳዋለች። ዘፈን ሁለት በር አለው። አንዱ በር ቅጂው ነው፣ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳው ድምፅ፤ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በአሳታሚው እጅ ነው። ሁለተኛው በር ግጥሙና ዜማው ነው፤ የዚያ ቁልፍ ደራሲው ዘንድ ነው። አንዱን ብቻ አስከፍቶ የገባ ሰው ኮሪደር ላይ ይቀራል። ቴሌቪዥን ጣቢያ ደግሞ ሁለቱም ካልተከፈቱ ፊልሙን አይቀበልም።

እንዲህ ጥንቁቅ የሆነችው በመጽሐፍ ተምራ አይደለም፤ አንዴ ተቃጥላለች። በሥራው በሦስተኛ ዓመቷ ስለ ጎርፍ የተሠራ አንድ ፊልም ነበር። የፊልሙ ዘፈን ደራሲ ነኝ ያለ ደልዳላ ሰውዬ መጣ፤ ወረቀት አሳየ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ፊልሙ በታየ በሳምንቱ አንድ ቀጭን ሰው የአባቱን የእጅ ጽሑፍ ደብተር በፌስታል ይዞ በሯን አንኳኳ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ደብተሩን ገልጦ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና፣ «ይህ የአባቴ ጽሕፈት ነው» አለ። ፊልሙ አንድ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው በባዶው አታስፈርምም፤ እስክሪብቶ ከማቀበሏ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ይህን ግጥም ስትጽፈው የት ነበርክ? ይህች ስንኝ ከየት መጣች? የጻፈ ሰው ሁልጊዜ የሚለው አያጣም። ያልጻፈ ሰው ደግሞ ስለ ተመስጦ ያወራል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በፀጉር ቤቱ ፊልም ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር «ቶሎ» ይባላል፤ «ቶሎ» የሌለችበት ዓረፍተ ነገር ከአፉ ወጥታ ስለማታውቅ። ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ስለሚላቸው ፀጉር አስተካካይ ፊልም ሠርቶ ነበር። ጋሽ መቀስ አርባ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስታወት ፊት ቆመው ሠርተዋል። ሕንጻው ሊፈርስ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ሊዘጋ ነው። ቶሎ የመጨረሻውን ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ቀረጸ።

ከሁሉም የምትበልጠው ትዕይንት የመጨረሻው ቀን ላይ ናት። ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም፣ ዝምተኛ ደንበኛ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ «እንደተለመደው» ከሚለው ቃል በስተቀር ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኗል። መደርደሪያው ላይ ካለችው ሬዲዮ አንድ የድሮ ዘፈን ይመጣል፤ አገር ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን።

«ድምፅሽን አውቃለሁ፣ ፊትሽን አላውቅም፤
ሰው አገናኛለሁ፣ እኔ አልገናኝም።»

ጋሽ መቀስ ምላጩን አየር ላይ ያቆማሉ። ደንበኛቸውን በመስታወት ያዩና በሬዲዮው ላይ ደርበው ያንጎራጉራሉ። ቃሉን ግን ገልብጠውታል፦ «ፊትህን አውቃለሁ፣ ድምፅህን አላውቅም...» ዝምተኛው ሰውዬ መጀመሪያ ትከሻቸው ይርገበገባል፤ ቀጥሎ አረፋው ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ አፋቸውን ከፍተው በሚያስደነግጥ ወፍራም ድምፅ ሁለተኛውን ስንኝ ይቀበላሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ከሠላሳ ዓመት ትውውቅ በኋላ አብረው ዘፈኑ። አርባ ሰባት ሰከንድ ነው።

እትዬ ፈቃድ ሦስት ጊዜ አየችው። በሦስተኛው መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ዘፈኑን ማጥፋት አይቻልም?» አለች፤ መልሱን እያወቀች።

«አፋቸው እየዘፈነ እንዴት አድርጌ ላጥፋው?» አለ ቶሎ። «ሌላ ዘፈን ብደርብበትስ አፋቸው ሌላ ይላል። ትዕይንቱን ብቆርጠው ደግሞ ፊልሙ የፀጉር ማሽን ማስታወቂያ ይሆናል። እትዬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ማታ ይታያል። ከዜና በኋላ። እንዲህ ያለ ሰዓት ተሰጥቶን አያውቅም። ቶሎ በይልኝ።»

በማግስቱ ዘፈኑን ወዳሳተመው ሙዚቃ ቤት ሄደች። የውል ክፍሉ ሠራተኛ ትሑት ጎልማሳ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ይተዋወቃሉ። ከብረት ሳጥን ውስጥ አሮጌ ውል አወጣ። በውሉ ላይ ግጥምና ዜማ ይልና ከፊት ለፊቱ የዘፋኙ ስም ተጽፏል።

«የቅጂውን ፈቃድ በተለመደው ክፍያ እንሰጥሻለን» አላት። «ግን ይቺን እያት።» በጣቱ አንድ አንቀጽ ላይ ነካ አደረገ። «ቃሉ የሚለወጥ ከሆነ ደራሲው ራሱ መስማማት አለበት ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ቃሉን ገልብጠውታል። እሱን እኛ መፍቀድ አንችልም።»

«ዘፋኙ በሕይወት አሉ?»

«አሉ እንጂ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከእኔ የበለጠ ፀጉር አላቸው።»

እውነቱን ነበር። ዘፋኙ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት በአንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ ጎልማሳ፣ የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውኗን ገና ያላወለቀች። ዘፋኙ ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ፀጉራቸው እንደ ጫማ ቀለም ጠቁሯል። ከወገባቸው በላይ ኮትና ክራቫት፣ ከወገባቸው በታች የፒጃማ ሱሪ ለብሰዋል።

«ግማሹ ለእንግዳ ነው፣ ግማሹ ለእኔ» አሉ ስታያቸው አይተው።

ትዕይንቱን በላፕቶፕ አሳየቻቸው። ዝምተኛው ደንበኛ መዝፈን ሲጀምሩ ዘፋኙ እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጃቸው ውሃ አመጣች።

«ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ፈቅጃለሁ። ምን ይጠየቃል። ወዲህ በይው።»

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ቶሎ ቢኖር ኖሮ በልቡ እልል ይል ነበር። እትዬ ፈቃድ ግን እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ‹ሰው አገናኛለሁ፣ እኔ አልገናኝም› ይላል። ዘፋኝ ማንን ያገናኛል? ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ምን አስበው ነው?»

ዘፋኙ አፋቸውን ከፈቱ። ይህ ጥያቄ አርባ ዓመት በጋዜጠኞች ሲጠየቁት የኖሩት ነው፤ መልስም ነበራቸው። ሽማግሌ ሆኖ ሁለት ጓደኞቹን ስላጋባና ራሱ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚናገር ቆንጆ ታሪክ። ልጃቸው እንኳ በቃሏ ታውቀዋለች። አፋቸው ግን እንደተከፈተ ቀረ። እትዬ ፈቃድን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«አልጻፍኩትም» አሉ።

«ምን?» አለች ልጃቸው።

«ዜማው የእኔ ነው። እሱን ማንም አይነካብኝም። ግጥሙን ግን የጻፈችው አንዲት የስልክ ኦፕሬተር ናት።»

ከዚያ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ያኔ ወደ ሌላ ከተማ መደወል የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ ወረፋ ይዞ ነበር የሚጠብቀው። እሳቸው ለሙዚቃ ቡድናቸው ሥራ ለመፈለግ ሲመላለሱ ከአንዲት ኦፕሬተር ጋር ተግባቡ። አንድ ቀን በመስኮቱ ቀዳዳ ወረቀት አሾለከችላቸው። አነበቡትና ሌሊቱን ዜማ አወጡለት። ሸክላው ሊታተም ሲል ስሟን ላስገባ ቢሏት ፈርታ እምቢ አለች። ኦፕሬተር በመስመር ላይ የሰማውን ነገር ለማንም እንዳይናገር ፈርሞ ነው የሚቀጠረው። ግጥሙ ስለ አንድ ደዋይ ነው። አለቆቿ ቢያውቁ በማግስቱ ያባርሯታል።

«‹ለጊዜው ባንተ ስም ይሁን› አለችኝ» አሉ ዘፋኙ። «‹ለጊዜው› ያልነው አርባ ሦስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ እሷን ፈርቼላት ነበር። በኋላ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯት፣ ተጠፋፋን። ከዚያ በኋላ እንኳ... ዘፈኑ ገንኖ ነበር። ሰው ‹ገጣሚው› ሲለኝ ለምጄው ነበር። ይኸው ነው።»

ልጃቸው እትዬ ፈቃድን እስከ ደረጃው ሸኘቻት። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችውና በለሆሳስ፣ «ለምን አሁን?» አለቻት። «ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው እኮ። ስሙ ነው ያለው። ያለ ስሙ ሌላ ምን አለው? ዝም ብለሽ አስፈርመሽው ብትሄጂ ምን ነበረበት?»

እትዬ ፈቃድ «አዝናለሁ፣ እህቴ» አለቻትና ወረደች።

ቶሎ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ ውሉ ላይ የሳቸው ስም ነው። ሰውየው እፈርማለሁ ብለዋል። ወረቀት ሙሉ ነው። ሴትዮዋ ይኑሩ አይኑሩ አይታወቅም። ማን ያውቅብናል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

ይህን አለች እንጂ ልቧ አላረፈም። የልጅቱ ፊት ከፊቷ አልጠፋ አለ። አንድን ሽማግሌ በመጨረሻ ዘመኑ ማዋረድ ይሆን? በማግስቱ ቁርስ ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ንግግር አያበዛም፤ እንቁላሉን እየላጠ ሰማት።

«ድንበር ተሳስቶ ሲሰመር» አለ በመጨረሻ፣ «የሚቀለው በመጀመሪያው ቀን ማቅናት ነው። በመጀመሪያው ቀን ካልሆነ ቀጥሎ የሚቀለው ዛሬ ነው። አጥር የሠራው ሰውዬ ራሱ ‹እዚህ አይደለም› እያለሽ ምን ታቅማሚያለሽ?»

«ልጅቱስ?»

«ልጅቱ አባቷን ትወዳለች፤ ጥሩ ነው። አባቷ ግን ሸክሙን አውርዷል። መልሰሽ ልታሸክሚው ነው?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የስልክ ቤት ጡረተኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው። ሊቀመንበሩ የአባላት መዝገብ አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉ። ዘፋኙ የሰጧት ስም የልጅነት ስም ስለነበር መጀመሪያ አልተገኘም። ሊቀመንበሩ ግን ጥቂት አሰቡና፣ «ቆይ፣ ድምፀ መልካሟ እንዳትሆን?» አሉ። የስልክ ቤት ጉድ ነበረች አሉ፤ ሰዎች ድምፅዋን ለመስማት ብቻ ደውለው ሰዓት ይጠይቁ ነበር። ቁጥሯን ጻፉላት።

ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ምድር ቤት፣ ሁለት እህትማማቾች መጋረጃ ይሰፋሉ። የፊቱ ክፍል በጨርቅ ጥቅልል ተሞልቷል፤ ስፌት መኪናዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ታላቅዬዋ ሰባ ዓመታቸው ነው። ነጭ ሹሩባ፣ አፋቸው ውስጥ ሦስት ስፒል። እትዬ ፈቃድ የመጣችበትን ስትናገር ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው የመርፌ ትራሳቸው ላይ ሰኩ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ራሳቸው ዘፋኙ።»

«ራሱ?» ወደ ስፌት መኪናው አዩ። «ይገርማል። ራሱ።»

ታናሽየዋ ግን መኪናዋን አቁማ ተነስታ ነበር። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ ሴት? ያን ዘፈን? በሰርጌ የጨፈርኩበትን? አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ስታጨበጭቢ ነበር እኮ!»

«አጨብጭቤያለሁ።»

«አንድ አልጋ ላይ አንድ ብርድ ልብስ እየተሳሳብን አድገን አርባ ዓመት ትንፍሽ አላልሽም!»

«ሚስጥር ነዋ» አሉ ታላቅዬዋ። «ፈርሜ ነበር።»

እትዬ ፈቃድ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀች። ሴትዮዋ ስለ ተመስጦ አላወሩም። ሥራቸው የማታ ተራ ነበር አሉ። በየምሽቱ በአንድ ሰዓት አንድ ወንድ ይደውላል፤ ሩቅ ከተማ ካለች እናቱ ጋር አገናኚኝ ይላል። «እንደምን አመሸሽ እህቴ፣ ዛሬስ አልደከመሽም?» ሳይል መስመር ጠይቆ አያውቅም። ሌላው ደዋይ ሁሉ ይጮህባቸዋል፤ እሱ ግን ይጠይቃቸዋል። እናቱን ያገናኙታል፣ መስመሩን ይለቃሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ሳምንት ቀረ፤ ሌላ ሳምንት ቀረ። እናቱ ሞታ ይሁን እሱ፣ ወይ ደግሞ አንድ ከተማ ላይ ተገናኝተው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አያውቁም። «ፍቅር አልነበረም» አሉ። «ፍቅር ነበር ካልሽም አልጣላሽም። ያን ምሽት በአንድ ሰዓት ማንም ሳይደውል ሲቀር በጥሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት።»

«ዘፋኙ ያልተዘፈነ ሌላ ሁለት ስንኝ ነበረው ብለውኛል። ሸክላው አልበቃ ብሎ ተውኩት ነው ያሉት። መጨረሻው ላይ ‹መስመር› የሚል ቃል እንዳለው ብቻ ያስታውሳሉ።»

ሴትዮዋ እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። ወረቀት ሳይፈልጉ በቃላቸው አሉት፤ ጥርት ባለው፣ ዕድሜ ባልነካው ድምፃቸው።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ልጅ ከናቱ ሲማከር፤
ለሰው የከፈትኩት፣ ለኔ ደጅ ነው መስመር።»

ታናሽየዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ እትዬ ፈቃድ ላፕቶፑን የመጋረጃ ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ትዕይንቱን ከፈተችው። ጋሽ መቀስ ምላጩን አቆሙ፤ «ፊትህን አውቃለሁ፣ ድምፅህን አላውቅም» አሉ። ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱ፤ አቁሚው ማለታቸው ነበር።

እትዬ ፈቃድ ደነገጠች። ግጥማቸው ስለተገለበጠ ቅር ያላቸው መስሏት ነበር።

«‹ህ› አለ» አሉ ሴትዮዋ። «ወንድ አደረገው። እኔ እኮ ለወንድ ነው የጻፍኩት። ያኛው ዘፋኝ ነው ‹ሽ› ያደረገብኝ፣ ወንድ ልጅ ለወንድ አይዘፍንም ብሎ። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር እናደዳለሁ። ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

«ፀጉር አስተካካይ ናቸው።»

«ገልብጦ አስተካከለልኝ» አሉና እንድትቀጥል ምልክት ሰጧት። እስከ መጨረሻው አዩት። ሁለተኛ አዩት። «ፈቅጃለሁ» አሉ። «የዘፋኙን ስም ግን እንዳታጠፉት። ዜማው የሱ ነው፤ ያለ ዜማ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ግጥም የእኔ፣ ዜማ የሱ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።»

«ስላለፈው ዘመንስ?»

«ስላለፈው ከሱ ጋር እንነጋገራለን። ቁጥሩ አለሽ?»

እትዬ ፈቃድ ደወለች። ያነሳችው ልጅቱ ናት፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። ስልኩን ለአባቷ ስትሰጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እትዬ ፈቃድ ስልኩን ለሴትዮዋ አቀበለች።

«እንደምን አመሸህ» አሉ ሴትዮዋ፣ ገና ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ።

ዘፋኙ ምን እንዳሉ እትዬ ፈቃድ አልሰማችም፤ የሴትዮዋን ብቻ ነው የሰማችው። «አውቃለሁ... አውቃለሁ እኮ... ተወው፣ አታልቅስ፣ ትልቅ ሰው ነህ... እኔም ዝም ብያለሁ፣ አንተ ብቻ አይደለህም... እሱስ ይሁን፣ ግን ‹ሽ› ማለትህን መቼም አልተውልህም... የምን ስንኙ ይሰበራል ነው? ስንኙ በ‹ህ›ም ይሄዳል፣ ይኸው ፀጉር አስተካካዩ ሄደበት አይደል?» ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። ታናሽየዋ ሁለት መጋረጃ ጨረሰች።

ወረቀቱ ግን እንደ ስልኩ አልፈጠነም። ሙዚቃ ቤቱ የዘፋኙን የጽሑፍ መግለጫ ጠየቀ፤ የጠበቃ አስተያየት ጠየቀ፤ መዝገቡን አስተካክሎ አዲሱን ስም እስኪያስገባ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ሙሉ ወረቀት የሚፈልግበት ቀን አለፈ። እትዬ ፈቃድ ራሷ ሄዳ ለፕሮግራም ኃላፊዋ ነገረች። ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ የሐሙስ ማታውን ሰዓት ግን ለሌላ ፊልም ሰጠችው። ለፀጉር ቤቱ ፊልም ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ እኩለ ቀን ተሰጠው፤ ሰው ምሳ እየበላ ዓይኑ ሰሀኑ ላይ የሚሆንበት ሰዓት።

ቶሎ ሦስት ቀን አላናገራትም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ጫማውን ያያል። እሷም አልተለማመጠችውም፤ በሱ ቦታ ብትሆን እሷም ትበሳጭ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሯ ላይ ቆመ።

«ጋሽ መቀስ ደወሉልኝ» አላት። «የግጥሙ ደራሲ ሴት ናቸው ስላቸው ምን አሉ መሰለሽ? ‹ለነገሩ ወንድ እንዲህ ዓይነት ነገር ማሰብ ከየት ያመጣል› አሉኝ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መጨረሻው ላይ ስማቸውን አስገብቼዋለሁ። ለብቻው። ሌላው ስም ሁሉ እየሮጠ ያልፋል፤ የሳቸውና የዘፋኙ ግን አምስት ሰከንድ ይቆማል። ይገባቸዋል።»

«ቶሎ አለማለትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

ከሦስት ቀን በኋላ የዘፋኙ ልጅ ደወለችላት። እትዬ ፈቃድ ቁጥሩን ስታይ ወቀሳ ጠብቃ ትንሽ ጨነቃት።

«ስልካችን ሁልጊዜ ተይዟል» አለች ልጅቱ። «ማክሰኞና ዓርብ አባቴ ለሴትዮዋ ይደውላል። እሷ ደግሞ በሌላው ቀን ትደውላለች። አዲስ ግጥም አላት መሰለኝ፤ እሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ በስልክ ያሰማታል። እሷ አልወደድኩትም ትላለች፣ እሱ ይናደዳል። ትናንት የኮቱን ሱሪ ለብሶ ጠበቃት። በስልክ እኮ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክፉ የተናገርኩሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ። ሰው ምን ይለዋል ብዬ ነበር የፈራሁት። ሰውየው ራሱ ለጎረቤት ሁሉ እየዞረ ‹አልጻፍኩትም› እያለ ሲያወራ ነው የሚውለው። አሁን ደግሞ እሱን ማስቆም አቃተኝ።»

እሑድ እኩለ ቀን እትዬ ፈቃድና ባሏ ምሳቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ባሏ ፊልሙን ከዚያ በፊት አላየውም ነበር። ዝምተኛው ደንበኛ መዝፈን ሲጀምሩ ማንኪያውን አስቀመጠና እንደ ሌላው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን፣ እንደ ልማዷ፣ መጨረሻውን ነበር የምትጠብቀው። ፊልሙ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚሄድበት ሰዓት እሷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ስሞቹ እየሮጡ አለፉ። ከዚያ ጽሑፉ ቆመ።

ግጥም፦ ብሎ የሴትዮዋ ሙሉ ስም። ዜማ፦ ብሎ የዘፋኙ።

«አምስት ሰከንድ ነው ያልሽኝ?» አለ ባሏ። «እኔ ስድስት ቆጠርኩ።»

«አንተ ቀያሽ ነህ፣ ታበዛለህ» አለችውና ሰሀኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ወንዙ ዳር ለመንሸራሸር ተቃጥረው ስለነበር ቶሎ አጥባ ጫማዋን አደረገች።